የልብስ ማጠቢያ መኪና ትዝታ

ትዝታ የሚለው ቃል በቋንቋችን በተነሣ ጊዜ አብሮት የሚመጣው የታወቀ ነው፤ አገር፣ ወዳጅ፣ የልጅነት መንደር፣ ክራር። በባሕር ማዶ ግን፣ ይልቁንም በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር፣ ለአሮጌ አውቶማቲክ የልብስ ማጠቢያ መኪና ትዝታ የያዛቸው ሰዎች አሉ ብንል አንባቢው እንደ ቀልድ ሳይቈጥርብን አይቀርም። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። እነዚህ ሰዎች በ1940ዎቹ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የተሠሩትን መኪናዎች ከተጣሉበት እያነሡ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ እየለቀሙ ወደ ምድር ቤታቸው ያወርዳሉ። ዝገቱን ይፍቃሉ፣ ቺንጋውን ይለውጣሉ፣ ውሃና ኤሌክትሪክ ያገናኛሉ፤ ከዚያም እርስ በርሳቸው ተጠራርተው ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥቡ ይውላሉ። ይህንንም የሚያደርጉት ልብሱ እንዲጠራላቸው ብቻ አይደለም፤ ክዳኑን ከፍተው ውሃው ሲናጥ ለማየት፣ ሞተሩ ሲያጓራ ለመስማት ነው።

ሸሚዛችንን ቅዳሜ ቅዳሜ በሳፋ የምናሽ ተማሪዎች ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ሳቃችን ይመጣል፤ ቀጥሎም ጥቂት ብስጭት። እኛ ያላገኘነውን ዕቃ እነርሱ ጥለው፣ ጥለው ደግሞ ናፍቀው! ዳሩ ግን ሰው ከድካም ያወጣውን መሣሪያ ለምን እንደሚናፍቅ፣ ማን እንደሚናፍቀውና ማን እንደማይናፍቀው መመርመር የሚጠቅም ይመስለናል። ስለዚህ ስለ መኪናው ራሱ አስቀድመን እንናገር።

በአሜሪካ ልብስ ማጠብ ከቤት ሥራ ሁሉ የከበደ ሥራ ነበር። ውሃ መቅዳት፣ ማፍላት፣ ማሸት፣ መጭመቅ፣ ማስጣት ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ በብዙ ቤትም ለዚህ የተመደበው ቀን ሰኞ ነበር። ጥቂት ገንዘብ ያለው ቤተ ሰብ ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጣል። በደቡብ አሜሪካ ይህን ሸክም የተሸከሙት አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። በ1881 በአትላንታ ከተማ እነዚሁ አጣቢዎች ማኅበር አቋቁመው፣ የእጥበቱ ዋጋ አንድ ዓይነት ይሁን ብለው ሥራ አቁመዋል፤ በ20 ያህል ሰዎች የተጀመረው ማኅበር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ 3,000 አባላት ደርሶ ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ለማኅበርተኛ አንባቢ ስለሚጥም ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጠቢያ ከ1937 በፊትም ነበረ። ነገር ግን መኪናው የሚያገላብጠው ልብሱን ብቻ ነው፤ ውሃውን የምትሞላው፣ የምታፈስሰው፣ እርጥቡን ልብስ አንድ በአንድ እያነሣች ላስቲክ በለበሱ ሁለት ተጋጥመው በሚዞሩ በትሮች መካከል እያስገባች የምታስጨምቀው ሴቲቱ ናት። እነዚያ በትሮች ልብሱን ከእጅ አይለዩም፤ ጣቷና ክንዷ ተስቦ የተጐዳ ብዙ ነው። አውቶማቲክ የሚለውን ስም ያገኘው መኪና ከዚህ የሚለየው፣ አንዴ ከታዘዘ በኋላ ራሱ ውሃ ሞልቶ፣ አጥቦ፣ አፍስሶ፣ አለቅልቆ፣ በኃይል ተሽከርክሮ መጭመቁ ነው። ለቤት አገልግሎት የሚሆን እንዲህ ያለውን መኪና በ1937 ለሕዝብ ያሳየው የቤንዲክስ ኩባንያ ነው፤ የታየውም በሉዊዚያና ትርኢት ላይ ነበር። መኪናው ከፊቱ መስኮት ያለው ሲሆን፣ እርጥብ ልብስ በአንድ ወገን ተከምሮ ሲሽከረከር ቤት የሚያናውጥ ስለሆነ በቡሎን ከወለሉ ጋር ይታሰር ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በ1942 የአሜሪካ ፋብሪካዎች የቤት ዕቃ መሥራት አቁመው ወደ ጦር መሣሪያ ዞሩ። ስለሆነም የአውቶማቲክ መኪና እውነተኛው ዘመን የሚጀምረው ከጦርነቱ በኋላ፣ በተለይም ከ1947 ወዲህ ነው።

ሰብሳቢዎቹን ያሳበደው ያ ዘመን ነው። ምክንያቱም በዚያን ጊዜ መሐንዲሶቹ ልብስ እንዴት መታጠብ እንዳለበት ገና አልተስማሙም ነበር፤ አንዱ ኩባንያ የሌላውን ፈጠራ እንዳይነካ የፈጠራ መብቱ ሕግ ያግደዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ሄደ። ዊርልፑል የተባለው ኩባንያ (ለሲርስ መደብር ኬንሞር በሚል ስም ያቀርብ የነበረው) በገንዳው መካከል ክንፍ ያለው ምሰሶ አቁሞ፣ ይህንኑ ማማሰያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዘዋል። የመኪና ፋብሪካው የጄኔራል ሞተርስ ንብረት የነበረው ፍሪጅዴር ደግሞ ማማሰያውን እንደ ዘነዘና ወደ ላይና ወደ ታች እንዲወጣና እንዲወርድ አደረገው። ዌስቲንግሃውስ ከበሮውን ዘንበል አድርጎ ፊቱን ወደ ሰው አዞረው፤ በውስጡ ልብሱ ከላይ ወደ ታች እየወደቀ በራሱ ክብደት ይታጠባል፤ ወንዝ ዳር ልብስን በድንጋይ ላይ እንደ መውቃት ያለ ሥራ ነው። የዚህ መኪና መጠሪያ የነበረው «ላውንድሮማት» የሚለው የንግድ ስም በኋላ ሳንቲም እየከፈሉ ለሚያጥቡበት ቤት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በበኩሉ የገንዳውን ውሃ በፓምፕ እየሳበ በማማሰያው አናት ላይ በተቀመጠ ወንፊታም ሳሕን ላይ መልሶ ያፈስሰዋል፤ ክሩና ብናኙ እዚያ ይቀራል። የመጀመሪያውን የሳሙና ውሃ ወደ ጎን ገንዳ አቆይቶ ለሚቀጥለው ልብስ መልሶ የሚስብም ነበር። ነጩን አስቀድማ በዚያው ውሃ ቀለማሙን የምታጥብ እናት ያለችው ተማሪ ይህን ብልሃት አሜሪካኖች እንዳልጀመሩት ያውቃል።

አእምሮ የሌለው ብረት ይህን ሁሉ ቅደም ተከተል እንዴት እንደሚያስታውስ ማወቅ የሚሻ አንባቢ ይኖር ይሆናል። በሰዓት መቈጣጠሪያው ውስጥ አንዲት ትንሽ ሞተር አለች፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ዝግ ብላ አንድ ዘንግ ታዞራለች። በዘንጉ ላይ የተደረደሩት ክቦች ጠርዛቸው ጕብታና ስርጕድ አለው። አንዱ ጕብታ ሲደርስ የኤሌክትሪኩን መንገድ ይገፋና ይዘጋዋል፤ ውሃ ይከፈታል። ስርጕዱ ሲመጣ ይለቀቃል፤ ውሃ ይቆማል። እንግዲህ ትእዛዙ ሁሉ የተጻፈው በክብ ጠርዝ ቅርጽ ነው፤ ሽፋኑን የገለጠ ሰው በዓይኑ ሊያነብበው ይችላል። መኪናው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሸጋገር «ቀጭ» የሚለው ድምፅም ከዚህ የሚመጣ ነው። በዊርልፑል መኪና ሆድ ውስጥ ደግሞ በማርሽ ሣጥኑ ላይ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ የብረት ክንድ ነበረች፤ በላይዋ ካሉት ሁለት ኤሌክትሮማግኔቶች አንዱ ማማሰያውን፣ ሌላው ሽክርክሪቱን ያዝዛል። ሰብሳቢዎቹ ይህን ድምፅ ሰምተው ብቻ የመኪናውን ዓይነት ይለያሉ ይባላል፤ እኛም እናምናለን፤ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ የአውቶቡስ ሞተር በድምፁ ሲለይ አይተናልና።

ለምን ናፈቁት ወደሚለው እንምጣ። አንደኛው ምክንያት የልጅነት ነው። በእነዚያ ዓመታት ልጅ የነበረ ሰው በርጩማ ላይ ቆሞ ክዳኑን ገልጦ ሲያይ የቆየበት ጊዜ አለው፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ትርኢት በቤት ውስጥ አልነበረም። የዛሬዎቹ መኪናዎች በሚሠሩበት ጊዜ በራቸውን ይቈልፋሉ። ለደኅንነት ነው፤ ትክክልም ነው፤ ሆኖም የሚታይ ነገር ቀርቷል።

ሁለተኛውና ለእኛ የከበደው ምክንያት ግን የጥገና ነገር ነው። አሮጌው መኪና ሲበላሽ መፍቻ የያዘ ሰው ይከፍተዋል፤ ቺንጋው ተበጥሶ እንደ ሆነ ያየዋል፤ ፓምፑ አፍስሶ እንደ ሆነ ወለሉ ይነግረዋል። አዲሱ መኪና ሲበላሽ አንድ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ይቃጠላል፤ ሰሌዳው ምን እንደሆነ ለባለቤቱ አይናገርም፤ ዋጋውም መኪናውን ከመለወጥ ብዙ አይርቅም። ሜይታግ የተባለው ኩባንያ ከ1967 ጀምሮ ማስታወቂያውን የሠራው መኪናው ስለማይበላሽ ሥራ ፈትቶ በብቸኝነት በተቀመጠ ጠጋኝ ሰው ምስል ነበር። ይኸው ኩባንያ በአዮዋ ግዛት ኒውተን በምትባል ትንሽ ከተማ በ1893 በእርሻ መሣሪያ ሥራ ተጀምሮ፣ በ1907 የመጀመሪያውን ማጠቢያ ሠርቶ፣ ከተማዪቱን ለመቶ ዓመት ያህል ሲቀልብ ኖረ። በ2006 ዊርልፑል ገዛው፤ በ2007 የኒውተን ፋብሪካ ተዘጋ። ፍሪጅዴርንም ጄኔራል ሞተርስ ቀደም ብሎ በ1979 ሸጦታል። ስለዚህ አንድ የኒውተን ሰው የሜይታግን መኪና ሲያብስ የሚያብሰው ብረት ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም፤ አባቱ ደመወዝ የሚቀበልበት በር አብሮ አለ።

ይሁን እንጂ ሰብሳቢዎቹን እስከ መጨረሻው አንከተላቸውም። የዚያ ዘመን መኪና በአንድ እጥበት 150 ሊትር ያህል ውሃ ይጠጣ ነበር፤ የዛሬው በፊት የሚከፈት ዓይነት በዚህ ሲሦ ገደማ ይበቃዋል። አዲሱ ልብሱን አያርስም፣ አያጠራም እያሉ ሲያማርሩ እንሰማለን፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለሚኖር ሰው ግን ይህ ማማረር የጠገበ ሰው ወግ ነው።

ከውሃውም ይልቅ የሴቶቹ ጉዳይ አለ። ጆአን ቫኔክ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1974 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ከ1920ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ያ ሁሉ መሣሪያ ወደ ቤት ሲገባ ከቤት ውጭ የማትሠራ ሴት በቤት ሥራ ላይ የምታጠፋው ሰዓት እንዳልቀነሰ፣ የልብስ እጥበቱ ጊዜ እንዲያውም እንደ ጨመረ አሳይታለች። የታሪክ ጸሐፊዋ ሩት ሽዋርትዝ ካወን በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ ምክንያቱን አብራርታለች፤ መኪናው ሲመጣ ለአጣቢ ይሰጥ የነበረው ልብስ ወደ ቤት ተመለሰ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይለወጥ የነበረው ሸሚዝ በየቀኑ የሚለወጥ ሆነ፤ ሥራውም ሁሉ በአንዲት እናት ላይ ወደቀ። የአትላንታ አጣቢዎች እንጀራቸውን አጡ፤ የቤት እመቤቲቱም ዕረፍቷን አላገኘችም። እንግዲህ በማስታወቂያው ላይ ከመኪናው አጠገብ ፈገግ ብላ የምትታየው ወይዘሮ ተጠይቃ ቢሆን ኖሮ ምን ትል እንደ ነበር እንጃ። እኛ እንደሚመስለን ይህ ትዝታ በርጩማ ላይ ቆሞ ያየ ልጅ ትዝታ ነው፤ ያጠበች እናት ትዝታ አይደለም።

ይህ መኪና ወደ ፖለቲካ የገባበትም ጊዜ አለ። በሐምሌ ወር 1959 በሞስኮ በተከፈተው የአሜሪካ ትርኢት ላይ ምክትል ፕሬዚዳንት ኒክሰን ክሩሽቾቭን ወደ አንድ ዘመናዊ የወጥ ቤት ማሳያ ወስደው ማጠቢያ መኪናውን አሳዩአቸው፤ በሮኬት ብርታት ከመፎካከር በማጠቢያ መኪና መፎካከር አይሻልም ወይ ብለውም ጠየቁ። ክሩሽቾቭ አልተደነቁም። ሁለቱ ታላላቅ መሪዎች ስለ ሴቶች ድካም ያን ያህል ሲከራከሩ አንዲትም ሴት በክርክሩ አለመሳተፏ ግን ዛሬም ያስገርመናል።

ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ሮዝሊንግ በ2010 ባደረገው ንግግር ከዚህ የተለየ ነገር አስታውሷል። እናቱ የመጀመሪያውን መኪና ባስገባች ቀን ዕድሜዋን በእጅዋ ስታጥብ የኖረችው አያቱ ተጠርታ መጣች፤ ከፊቱም ተቀምጣ እስኪጨርስ ድረስ ስትመለከት ቆየች። እናቱ ባተረፈችው ጊዜ ወደ ቤተ መጻሕፍት ትወስደው እንደ ነበርም ተናግሯል። ይህ ከቫኔክ ጽሑፍ ጋር የሚጣላ ቢመስልም አይጣላም፤ ሰዓቱ የሚተርፈው በእጅዋ ስታጥብ ለነበረችው ነው፤ የሚጨምረው በአጣቢ ስታሳጥብ ለነበረችው ነው።

በአገራችን ያለነው በሮዝሊንግ አያት ወገን ነን። የእኛ ትዝታ የወንዝ ዳር እጥበት ነው፤ በሥዕልም በዘፈንም ያማረ ነው። እርሱም ቢሆን በአብዛኛው የታየው ከዳር ቆሞ በነበረ ሰው ዓይን ነው። ያ ወንዝ ቢልሃርዝያ ነበረበት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ምርምር ሲያደርጉ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በእንዲህ ያለ ወንዝ ነው። ሴቶቹ ለዘመናት በእጃቸው የያዙት ነገር ምን እንደሆነ የጠየቃቸው አልነበረም።

ለመኪናው ነገር አንድ ጉዳይ ቀረን። አውቶማቲክ መኪና ያለ ማቋረጥ የሚመጣ ውሃና ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ በመካከል ውሃው ቢሄድበት ሳሙናውን እንደ ታቀፈ ይቆማል። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባ ሱቆች ሁለት ገንዳ ያለው፣ በአንዱ ታጥቦ በእጅ ወደ ሁለተኛው ተዛውሮ የሚጨመቀው ዓይነት ዛሬም ይሸጣል፤ ውሃ ቢጠፋ በባልዲ ይሞላል፣ መብራት ቢሄድ ልብሱ በእጅ ይወጣል። በእንግሊዝ አገር ይህ ዓይነት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በየቤቱ ነበረ፤ አሁን ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል።