ጤና አዳም፥ ሎሚና ፀሐይ

ጓሮ ባለው ቤት ሁሉ ጥቂት ጤና አዳም አይታጣም። እናቶቻችን ለቡናው መዓዛ፥ ለሆድ ቁርጠትም መድኃኒት አድርገው ኖረውበታል። የምንጽፈው ስለዚህ አይደለም። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ግን የዕፅ ጭማቂ ሁሉ ለቆዳ ይስማማል የሚል ሐሳብ በየቤቱ ስለ ገባ፥ ሎሚውም ቅጠሉም በፊት ላይ ሲታሽ እናያለን። በሱቅ የሚሸጠውም ቅባት «ከተፈጥሮ ዕፅ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ገዢው ሌላ ነገር አይጠይቅም። እኛ ግን አንድ ጥያቄ ሊቀር አይገባውም እንላለን፤ ይኸውም በቅጠሉ ውስጥ ሆኖ ሥራውን የሚሠራው ነገር ምንድን ነው? የሚል ነው።

በጤና አዳም ቅጠልና በሎሚ፥ ይልቁንም በልጣጩ፥ ሊቃውንት ፉራኖኩማሪን ብለው የሚጠሩት የንጥረ ነገር ወገን ይገኛል። የዚህ ወገን ታዋቂዎቹ ሶራሌን የሚባሉት ናቸው። እነዚህን በጨለማ ቢቀቧቸው ቆዳውን አያቃጥሉም። ጭማቂው ሳይታጠብ ፀሐይ ያገኘው እንደ ሆነ ግን፥ ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ይቀሰቅሳቸዋል፤ የተቀሰቀሰውም ንጥረ ነገር በቆዳው ሴሎች ውስጥ ካለው ዲ ኤን ኤ ጋር ተጣብቆ ሴሎቹን ይጎዳል። ክፋቱ ሕመሙ ወዲያው አለመሰማቱ ነው። በማግሥቱ ቆዳው መቅላት ይጀምራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብስበታል፥ ውኃም ይቋጥራል። ከዳነም በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ለሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ለወራት አይለቅም። ፊቷ እንዲቀላ ብላ ሎሚ የተቀባች ልጃገረድ ያላሰበችውን ጥቁረት የምታገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ቃጠሎው ከቀን በኋላ ስለሚመጣም ሎሚውን የሚያስታውሰው የለም፤ ሽማግሌው «ምች ነው» ቢሉ አይፈረድባቸውም። በደጋ አገር ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራልና።

ይህ ንጥረ ነገር ግን የሚጎዳ ብቻ አይደለም። በግብፅ አገር በዓባይ ዳር፥ ከድንብላል ጋር አንድ ቤተ ሰብ የሆነ ነጭ አበባ ያለው ተክል ይበቅላል። በ1248 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ያረፈው የአንዳሉሱ የዕፅ ሊቅ ኢብን አል በይጣር፥ ይህን ተክል አጥሪላል ብሎ ጠርቶ፥ ቆዳቸው የነጣባቸው ሰዎች ዘሩን ወስደው በፀሐይ እንደሚቀመጡ ጽፏል። ከሰባት መቶ ዓመት ያህል በኋላ፥ በ1940ዎቹ፥ የካይሮ ሊቃውንት ሠሪውን ንጥረ ነገር ከዘሩ ለይተው አወጡት፤ ሐኪሙ አብደል ሞኔም ኤል ሞፍቲም ለምጽ ያለባቸውን ሰዎች አከሙበት። በሕክምናው የተጠቀሙት ሰዎች ቀለም ሲመለስላቸው መጀመሪያ በጠጕሩ ሥር ዙሪያ እንደ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች በዚያ ተሸሽገው ይተርፋሉና። በ1974 ደግሞ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ያሉ ሐኪሞች ያንኑ መድኃኒት ከመብራት ጨረር ጋር አጣምረው ሶሪያሲስ ለሚባለው የቆዳ ሕመም አዋሉት።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ጤና አዳሙን በነጣው ቦታ ቀብቼ ፀሐይ ልሙቅ» ይል ይሆናል። እንዳያደርገው እንለምናለን። በሕክምና ቤት መድኃኒቱ ይመዘናል፥ ዓይን ይሸፈናል፥ ብርሃኑም በመሣሪያ ተለክቶ ይሰጣል። በጓሮ ቅጠል ውስጥ ያለው መጠን ግን እንደ ወቅቱና እንደ መሬቱ ይለያያል፤ የዛሬው ቅጠልና የከርሞው አንድ አይደሉም። ተለክቶ የተሰጠውም እንኳ ለብዙ ዘመን ሲወሰድ የቆዳ ነቀርሳ እንደሚያበዛ ስለ ታወቀ፥ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ያለ መድኃኒቱ በተመረጠ ጨረር ብቻ ማከምን ይመርጣሉ።

ለምጽን ካነሣን ሳንናገር የማናልፈው አለ። ሐኪሞች ቪቲሊጎ የሚሉት ይህ መንጣት የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን ቀለም ሰጪ ሴሎች ስለሚያጠፋ የሚመጣ ነው እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ13ኛውና በ14ኛው ምዕራፍ ለምጽ የተባለው ስም ሰፊ ነው፤ በልብስና በቤት ግድግዳ ላይ የሚወጣውን ሁሉ ይጨምራል። እንግዲህ ያንን ንባብ ይዞ ቆዳዋ የነጣባትን ልጅ ከማዕድ ማራቅ ወይም ከጋብቻ መከልከል፥ ግፍ ከመሆኑም በላይ ንባቡን አለማስተዋል ነው። የሥጋ ደዌ ሌላ ነው፤ እርሱ በተህዋሲ ይመጣል፥ በደበዘዘውም ቦታ ስሜት ይጠፋል፥ በመድኃኒትም ይድናል። መንካት የማይሰማው ቦታ በቆዳ ላይ ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪም ማሳየት ነው።

ሽቶ ሠሪዎችም ይህን ነገር በጉዳት ተምረውታል። በጣልያን አገር በካላብሪያ የሚለማው ቤርጋሞት የሚባል ከሎሚ ወገን የሆነ ፍሬ ዘይት፥ ሽቶው ከአንገት ወደ ታች በፈሰሰበት መንገድ ሁሉ ጥቁር ጅራት ይተው ነበር። ዛሬ ዘይቱ ለቆዳ ሲዘጋጅ ይህ ንጥረ ነገር ይወጣለታል፤ የአውሮፓም ሕግ ከፀሐይ በሚከላከል ቅባት ውስጥ በኪሎ ግራም ከ1 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን ያዛል። ዕፁ ያው ዕፅ ነው፤ የተለወጠው የሚያቃጥለው ነገር ተለይቶ መውጣቱ ነው።

ለበዓል ዶሮ በሎሚ አጥበው ወደ ደጅ የሚወጡ እኅቶቻችን፥ ጤና አዳም ሲቆርጡ የሚላላኩም ልጆች፥ ፀሐይ ሳይሞቁ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው በውኃና በሳሙና ይታጠቡ። ዘግይተው ያስታወሱት እንደ ሆነ ያን ቦታ በልብስ ይሸፍኑት፤ ደመና ወይም የመስኮት መስተዋት ይህን ጨረር ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ቆዳው ከቀላ ቀዝቃዛ ውኃ የነካ ንጹሕ ጨርቅ ያሳርፉበት። ውኃ የቋጠረውን አያፍርጡት፥ ሌላም ቅጠል አይጨምሩበት፤ ቦታው ሰፊ ከሆነ ወይም ልጁ ሕፃን ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፥ በምን እንደ ታሸም ለሐኪሙ ይንገሩት።