ለነቀዝ የተቀመጠ መድኃኒት ለቤተሰብ ጠንቅ እንዳይሆን

ደብረ ማርቆስ፦ የመኸር ምርት ተሰብስቦ የእህል ዋጋ ረገብ በሚልበት ወቅት በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ የሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች የዓመት ቀለባቸውን ገዝተው በቤታቸው ያከማቻሉ። ወርኃዊ ደመወዝተኛ ለሆነው የመንግሥት ሠራተኛ ይህ የኑሮ ብልሃት ነው። ይሁን እንጂ ከእህሉ ጋር ወደ ቤት የሚገባው የነቀዝ መድኃኒት በአግባቡ ካልተያዘ እህሉን ከነቀዝ ሲያድን ሰውን ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

በአብዛኛው በክኒን መልክ የሚሸጠው ይህ መድኃኒት አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለ ኬሚካል ነው። ክኒኑ ከአየር ወይም ከእህሉ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል። ሦስት ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን አንድ ግራም ያህል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ከአየር ጥቂት ከበድ የሚልና በቀላሉ በክፍተቶች የሚያልፍ በመሆኑ እህል በተቀመጠበት ክፍል ወይም ከጎኑ ባለው ክፍል የሚተኛ ሰው ሳያውቀው ሊተነፍሰው ይችላል።

በጋዙ የተመረዘ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የደረት መጨነቅና የትንፋሽ ማጠር ይታይበታል። ምልክቶቹ ከምግብ መመረዝ ጋር ስለሚመሳሰሉ ቤተሰብ መንስኤውን ሳይጠረጥር ውድ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። ለፎስፊን ማርከሻ የሚሆን መድኃኒት ባለመኖሩ የተጎዳውን ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

ክኒኑ ታስቦ የተሠራው በሚገባ ታሽገው ሰው ለማይኖርባቸው መጋዘኖች ሲሆን፣ አጠቃቀሙም ሥልጠና ባላቸው ባለሙያዎች እንዲሆን ነው። በመኖሪያ ቤት ውስጥ ሊቀመጥም ሆነ በእህል ከረጢት ውስጥ ሊጨመር አይገባም።

ለጎጃም ነዋሪ ልዩ ትርጉም ያለው ሌላ እውነታም አለ። በቤት ከሚከማቸው እህል ዋነኛው የሆነው ጤፍ ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ እምብዛም አያጠቃውም። በመሆኑም በጤፍ ላይ መድኃኒት መጨመር ገንዘብን ከማባከንና ቤተሰብን ለአደጋ ከማጋለጥ ያለፈ ጥቅም የለውም። አርሶ አደሩ ከጥንት ጀምሮ ባቄላንና ሌሎች ጥራጥሬዎችን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ የማስቀመጡ ምሥጢርም ይኸው ነው። ደቃቁ ጤፍ በትልልቆቹ ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዝ መንቀሳቀሻና መራቢያ ያጣል።

ነቀዝ ለሚያጠቃቸው በቆሎና ስንዴ ደግሞ እህሉን በሚገባ በፀሐይ አድርቆ አየር በማያስገባ ሦስት ሽፋን ያለው ከረጢት ውስጥ ማሸግ አስተማማኝ አማራጭ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲያልቅ ነቀዙ ያለ ምንም ኬሚካል ይሞታል።

በጓሮ አትክልት ረገድም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደጋው የአየር ጠባይ የድንች ዋግ በክረምት ስለሚበረታ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ደጋግሞ መርጨት ይታያል። በሽታውን የመቋቋም አቅም ያላቸውን እንደ በለጠና ጉዴኔ ያሉ ዝርያዎች መትከል፣ ተክሎችን አራርቆ መትከልና የታመሙ ቅጠሎችን ነቅሎ ማስወገድ የርጭቱን ብዛት ይቀንሳል። በጎመን ላይ የሚወጣውን ክሽክሽ በሳሙና ውኃ ማጠብ ይቻላል። መርጨት የግድ ከሆነም በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ከርጭት እስከ ለቀማ ያለው የጊዜ ገደብ ሊከበር ይገባል።

በማሸጊያው ላይ ያለው የቀለም ምልክትም ለገዢው ጠቃሚ መረጃ ነው። ቀይ እጅግ መርዛማ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ አነስተኛ ጉዳት የሚያደርስ መሆኑን ሲያመለክቱ፣ አረንጓዴ በመደበኛ አጠቃቀም አጣዳፊ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ የማይገመተውን ያሳያል። ስለዚህ ያለ ማሸጊያው ተበጣጥሶ ወይም በውኃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት መግዛት አይገባም። የመድኃኒት ዕቃም ቢታጠብ እንኳ ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ ማስቀመጫነት መዋል የለበትም።

በቤት ውስጥ ጽዳትም ቢሆን በረኪናን አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ክሎሪን የተባለ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ስለሚፈጥር መወገድ አለበት።

አገራችን በዚህ ረገድ ያሳለፈችው ተሞክሮ አስተማሪ ነው። ለወባ መከላከያ ለአሥርተ ዓመታት በቤት ግድግዳ ላይ ሲረጭ የቆየው ዲዲቲ ትንኟ በመላመዷ በ2002 ዓ.ም ገደማ በሌሎች መድኃኒቶች ተተክቷል። ዲዲቲ በአፈርና በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ኬሚካል ነው። በየመጋዘኑ ተከማችተው ጊዜ ካለፈባቸው ፀረ ተባይ መድኃኒቶችም 1 ሺህ 500 ቶን ያህሉ እ.ኤ.አ ከ2000 ዓ.ም ጀምሮ በተካሄደ ፕሮጀክት ወደ ፊንላንድ ተጓጉዘው እንዲቃጠሉ ተደርጓል። በርካሽ የተገዛ መድኃኒት ለማስወገድ ባሕር ተሻግሮ መሄድ ማስፈለጉ ከፍላጎት በላይ መግዛት የሚያስከትለውን ኪሣራ ያሳያል።

የሕግ ማዕቀፉም ተዘርግቷል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ2002 ዓ.ም የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ደግሞ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ለገበያ እንዳይቀርብ ይከለክላል። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የነፍሳትና የአይጥ ቁጥጥርን ከፓኬጆቹ አንዱ አድርጎ ይዟል።

እነዚህ ሕጎችና ፕሮግራሞች ውጤት የሚያመጡት በሥራ ላይ ሲውሉ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከምርት መሰብሰቢያ ወቅት በፊት ስለ እህል አቀማመጥ ትምህርት ቢሰጡ፣ የንግድ ጽሕፈት ቤቶች በገበያ ቀናት ያለ ማሸጊያ የሚሸጡ መድኃኒቶችን ቢቆጣጠሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቤቱ ሲዘዋወሩ እህሉ የት እንደተቀመጠ ቢጠይቁ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም በየዕቃ ግምጃ ቤታቸው የተረሱ የአይጥ መርዞችንና ፀረ ተባይ መድኃኒቶችን በመመዝገብና ለሚመለከተው አካል በማሳወቅ ሥራውን ከራሳቸው ሊጀምሩ ይገባል።