ስፖኪዮ የማይደርስበት ቦታ

ጣሊያን ሠራሹ ላምቦርጊኒ ካውንታሽ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጣሪያው ላይ ቦይ ነበረው፤ ኋላን በፔሪስኮፕ ለማሳየት ታስቦ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምርቶች «ፔሪስኮፒዮ» የተባሉትም በዚሁ ቦይ ነው። ሞተሩ ከወንበሩ ጀርባ ስለሆነ የኋላ መስኮቱ ጠባብ ነው። ስለዚህ ብዙ ሹፌሮች ወደ ኋላ ሲሄዱ በሩን ወደ ላይ ከፍተው፣ ደፉ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ያወጣሉ። ለፎቶ ያምራል፤ ለአውራ ጎዳና ግን አይሆንም።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆርጅ ፕላትዘር ስፖኪዮ የማይደርስበትን የጎን ቦታ ለማየት በ1995 እ.ኤ.አ. ሌላ ዘዴ ጻፈ። ሹፌሩ ጭንቅላቱን የግራውን መስኮት እስኪነካ ያስጠጋና የመኪናው ጎን ለጥቂት እስኪታየው ስፖኪዮውን ወደ ውጭ ይገፋል። ለቀኙ ወደ መሀል ያዘነብላል። ቀና ሲል የራሱ መኪና ጎን ይጠፋበታል፤ መጀመሪያ ግር ይላል።

ዘዴው የሚተማመነው በመሀለኛው መስታወት ነው። እንደ ካውንታሽ ባለ ጠባብ መስኮት መኪና አንገት ማዞር አይቀርም።