ጥቅሉን የበላው ማን ነው? የዊንዶውስ አፕዴት መቼ እንደሚወርድ መወሰን

ሁለት ጊጋባይት ጥቅል ተገዝቶ፣ የስልኩ ሆትስፖት ለላፕቶፑ ተከፍቶ፣ ገና አንድ ኢሜይል ሳይላክ «ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቴሌውን ነው። ቀጥሎ የዋይፋዩን ፓስወርድ አውቋል የተባለው የጎረቤት ልጅ ይታማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዳታውን የጨረሰው ከፊት ለፊት የተቀመጠው ላፕቶፕ ራሱ ነው፤ ዊንዶውስ ምንም ሳይናገር አፕዴቱን ሲያወርድ ነበር።

አፕዴት አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። ፋይሉን ማውረድ አለ፣ መጫን አለ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት አለ። ሦስቱም የየራሳቸው ማስተካከያ አላቸው፤ ሰው የሚነካካው ግን በብዛት የመጨረሻውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዊንዶውስ 10 ላይ የመጣው «አክቲቭ አወርስ» ጥሩ ምሳሌ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ብሎ የሞላ ሰው በእነዚያ ሰዓታት አፕዴት የማይወርድ ይመስለዋል። ማስተካከያው የሚለው ግን «እየሠራሁ ስለሆነ በድንገት ጠፍተህ አትነሳብኝ» ብቻ ነው። ማውረዱን አይመለከትም። ለኪስ የሚያስብ ሰው መፈለግ ያለበት ቁልፍ ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ግን ፋይሉ መቼ እንደሚመጣ እንይ። ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዋናውን የደኅንነት አፕዴት የሚያወጣው በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ሰዓቱ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ደግሞ ሦስት ሰዓት። ይህ ማለት ሁሉም ኮምፒውተር በዚያው ደቂቃ ይጀምራል ማለት አይደለም። ዊንዶውስ አዲስ ነገር መኖሩን የሚጠይቅበት የተለመደው ልዩነት 22 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ላይ በዕጣ እስከ 20 በመቶ ይቀነሳል። የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ባንድ ጊዜ ሰርቨሩ ላይ እንዳይረባረብ የተደረገ ነው። ለእኛ ያለው ትርጉም ግን ደስ አይልም፦ ማውረዱ ረቡዕ ንጋት ላይም፣ በቢሮ ሰዓትም ሊጀምር ይችላል።

ማውረዱ ሌላውን ሥራ እንዳያውክ ታስቦ የተሠራም ነገር አለ። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጀምሮ «ቢትስ» የሚባል የጀርባ አገልግሎት አለ፤ የኔትወርክ ካርዱን እንቅስቃሴ ይከታተልና ባለቤቱ ኢንተርኔት ሲጠቀም ቀዝቀዝ፣ ሥራ ሲፈታ ፈጠን ይላል። መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቆረጥ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። ችግሩ በዋናነት የሚያየው የራሱን ኮምፒውተር መሆኑ ነው፤ የኩሽናውን ቧንቧ ብቻ እያየ የግቢውን ውሃ እንደሚገምት ሰው። ሳሎን ውስጥ ልጅቷ በስልኳ የኦንላይን ፈተና ላይ ብትሆን፣ መኝታ ቤት ያለው ላፕቶፕ «ማንም አይጠቀምም» ብሎ በሙሉ አቅሙ ሊስብ ይችላል። በዚያ ላይ ትሕትናው ፍጥነትን እንጂ ሒሳብን አይመለከትም። ቀስ ብሎ የወረደ አንድ ጊጋባይትም ያው አንድ ጊጋባይት ነው።

ወሳኙ ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ ኢንተርኔት ውድ የሆነበት ሰው እንዳለ ያውቃል፤ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለው ምልክት ከ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ጀምሮ አለ። ላፕቶፑ ውስጥ ሲም ካርድ ካለ ምልክቱ ራሱ ይበራል። ዋይፋይ ከሆነ ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ዋይፋይ ሁሉ ያልተገደበ ነው ተብሎ ታስቧልና። የስልክ ሆትስፖት ደግሞ ለላፕቶፑ ተራ ዋይፋይ ነው። ስልኩ በሜጋባይት እየተቆጠረበት የሚያመጣውን ዳታ ላፕቶፑ እንደ ነጻ ይቀበለዋል። ሲያትል አጠገብ ላለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ይህ ግምት ምክንያታዊ ሊመስል ይችላል። ቤቱን በሆትስፖት ለሚያስተዳድር ሰው ግን ዕዳ ነው።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ ዋይፋይ ተገብቶ የተገናኛችሁበት ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ ይከፈታል። እዚያ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ቀጥሎ በዊንዶውስ አፕዴት «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ በሚተርድ ኮኔክሽንም አውርድ የሚለው መጥፋቱን አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ ትላልቆቹ ፋይሎች ቆመው የእናንተን ፈቃድ ይጠብቃሉ፤ አንገብጋቢ የተባለ ጥቃቅን ነገር ግን ሊያልፍ ይችላል። አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ምልክቱ የሚያዘው በኔትወርኩ ስም ነው። የሆትስፖቱን ስም ከቀየራችሁ ወይም የእህታችሁን ስልክ ከተጠቀማችሁ እንደገና መብራት አለበት።

ስንት እንደወረደ ለማየት የሚፈልግ እዚያው «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ውስጥ ይግባ። «አክቲቪቲ ሞኒተር» የሚለው ገጽ በወሩ ከማይክሮሶፍት የመጣውን፣ ከቤት ውስጥ ካለ ሌላ ኮምፒውተር የመጣውንና ከእናንተ ወደ ሌሎች የወጣውን ለያይቶ ያሳያል። አዎ፣ የሚወጣም አለ። አፕዴቱ በትናንሹ ተቆራርጦ ስለሚጓዝ አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን ሌላው ሊወስድ ይችላል። ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ላፕቶፕ ላለው ሰው ይህ ጥቅም ነው። ማጋራቱ በኢንተርኔት ላሉ እንግዳ ኮምፒውተሮችም ከተፈቀደ ግን ለማይታወቅ ሰው ጥቅል እየገዙ ነው፤ በቤቱ ኔትወርክ ብቻ እንዲሆን አድርጉት።

ይህን ሁሉ ሲያነብ «ከነአካቴው ለምን አልዘጋውም?» የሚል አይጠፋም። መልሱ መጋቢት 14 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) የሆነው ነው። ማይክሮሶፍት የዚያን ቀን አንድ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ግንቦት 12 «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 ገደማ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። መድኃኒቱ ሁለት ወር ሙሉ በነጻ ሲታደል ነበር። እንዲያውም አፕዴት በወጣ ማግስት አደጋው ይጨምራል፤ ሰርጎ ገቦች አዲሱንና አሮጌውን ፋይል አስተያይተው ቀዳዳው የት እንደነበር ይደርሱበታል።

ችኮላም ዋጋ አለው። ጥቅምት 2 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የዊንዶውስ 10 ትልቅ አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ሰነድና ፎቶ አጥፍቶ በአራተኛው ቀን ተሰብስቧል። ስለዚህ የደኅንነት አፕዴትን ለሳምንት ያህል ማቆየት እኔ ጥንቃቄ እለዋለሁ፤ ለወራት መተው ግን ሌላ ነገር ነው። ዊንዶውስ ሆም የያዘ ሰው ከ2019 ጀምሮ እስከ 35 ቀን «ፖዝ» ማድረግ ይችላል፤ ቀኑ ሲያልቅ ያለውን ሳይጭን ድጋሚ ማቆም አይፈቀድለትም። የዘለለ ሰው ደግሞ ዕዳው አይጠራቀምበትም። የወሩ አፕዴት ያለፉትን ጠቅልሎ ስለሚይዝ የሚወርደው የመጨረሻው ብቻ ነው።

የማውረድ ጉዳይ ፍርድ ቤትም ደርሶ ያውቃል። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን ባስተዋወቀበት ወቅት እስከ 6 ጊጋባይት የሚደርስ የመጫኛ ፋይል በዊንዶውስ 7 እና 8 ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ላይ ሳይጠይቅ ያወርድ ነበር። የጀርመኗ ባደን ቩርተምበርግ ግዛት የሸማቾች ማዕከል ከሰሰው፤ በ2017 ኩባንያው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዲህ ያለ ፋይል ላለማውረድ ቃል ገባ።

ለሆትስፖት ተጠቃሚ የሚሻለው የ«ሚተርድ ኮኔክሽን» ምልክትን ዘወትር አብርቶ መኖር ነው። ከሁለተኛው ማክሰኞ ሳምንት ያህል ቆይቶ ያልተገደበ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ቻርጀር ሰክቶ «ቼክ ፎር አፕዴትስ» የሚለውን መጫን፤ ማውረዱ ካለቀ መጫኑና ማስነሳቱ ቤት ሊሆን ይችላል፤ መብራት ካለ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ሆኖ ምልክቱን ሳታበሩ እንዲሁ ዝም ካለ ግን አትደሰቱ። ነጻው ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ስላበቃ፣ ለተጨማሪው የአንድ ዓመት መርሐ ግብር ካልተመዘገበ በስተቀር የደኅንነት አፕዴት እየመጣለት አይደለም።