የጤፍ ፓተንት፦ ማን አስመዘገበ? ማን አሰረዘ?

«ጤፋችንን ሆላንዶች ወስደውብናል» ሲባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። እኔ በምኖርበት በአቃቂ ቃሊቲ፣ የአድአ ጤፍ ወደ አዲስ አበባ በሚገባበት መንገድ ዳር፣ «ታዲያ ወፍጮ ቤቱም ሊከሰስ ነው?» ብለው የጠየቁኝ ነጋዴ አሉ። አይከሰስም። ለምን እንደማይከሰስ ማወቅ ግን የፓተንትን አሠራር ለመረዳት ይጠቅማል።

ፓተንት የሚጸናው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። የእኛም አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከድንበራችን አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት የሰጠው የጤፍ ፓተንት ያሰጋው የአቃቂን ወፍጮ ሳይሆን፣ በአውሮፓ ገበያ የጤፍ ዱቄት ለመሸጥ ያሰበውን ነው።

መብቱ የተሰጠው በዘሩ ላይም አልነበረም። ጤፉ ከታጨደ በኋላ አርፎ ሲፈጭ በሚገኝ፣ ጥራቱ በላቦራቶሪ በተለካ ዱቄትና ከዚያ በሚሠራ ምግብ ላይ ነው። የፓተንት መርማሪ አዲስነትን የሚያጣራው በዋናነት ከተጻፈ ሰነድ ነው። «አዲስ ጤፍ ሳያርፍ አይፈጭም» የሚሉት የሠፈራችን እናቶች ዕውቀት ግን የት ተጽፏል?

ኩባንያው፣ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል፣ የፓተንት ማመልከቻውን ካስገባ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ፈረመ። ከተጣራ ትርፉም 5 በመቶ ለመክፈል ቃል ገባ። በ2009 ግን ከሰረ። ፓተንቱ ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ሲተላለፍ ግዴታው አብሮ አልተሻገረም። የኖርዌዩ ፍሪትዮፍ ናንሰን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ሬጊነ አንደርሰንና ቶኔ ቪንገ በ2012 ባወጡት ጥናት፣ አገራችን ያገኘችው 4 ሺህ ዩሮና ሳያልቅ የተቋረጠ አነስተኛ የምርምር ሥራ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል።

ፓተንቱ ታዲያ እንዴት ወደቀ? በኋላ የያዘው አንሸንት ግሬይን የተባለ ኩባንያ፣ የጤፍ ምርት ይሸጥ የነበረውን ቤከልስን ከሰሰ። ቤከልስም «ይህ ፈጠራ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 2018 ፓተንቱ የፈጠራ ብቃት ስለሌለው በሆላንድ ውድቅ ነው ሲል ወሰነ። ውሳኔው የሚጸናውም በሆላንድ ብቻ ነው።

ልብ እንበል፤ ያሰረዘችው ኢትዮጵያ ሳትሆን ለገበያው የተከራከረ ነጋዴ ነው። ፓተንት ሲሰጥ እውነተኛ ፈጠራ መሆኑ ያኔውኑ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ በደንብ የሚፈተነው ለጠበቃ የሚከፍል ተከራካሪ ሲገኝ ነው።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ፣ የእናቶቻችንን ዕውቀት መርማሪ ሊያገኘው በሚችል ሰነድ እንጻፍ። ሁለተኛ፣ ውሎቻችን ፓተንቱን የሚረከበውንም ይሰሩ። ሦስተኛ፣ በአውሮፓ ፓተንት በተሰጠ በ9 ወር ውስጥ ማንም ሰው መቃወም ስለሚችል፣ መዝገቡን በየጊዜው የሚከታተል ባለሙያ ይኑረን። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚቀረው በፍርድ ቤት መሟገት ነውና።