መልእክተኛው ነው ወይስ መልእክቱ?
ስለ መኪና ማስጠንቀቂያ መብራቶችና ጠቋሚዎች



ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከቆላ ወደ ደጋ ይሻገራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጨንቻ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተሳፋሪው ወደ ኋላው እየዞረ ሐይቁን ሲያደንቅ፣ ነጂው ግን ዓይኑን ከመንገዱና በፊቱ ካለው ዳሽቦርድ አይነቅልም። ሞተሩ ከልክ በላይ መሞቁን፣ ዘይቱ መዞሩን፣ ባትሪው መሞላቱን የሚነግሩት በዚያ ላይ የተደረደሩት ትንንሽ መብራቶችና ቀስቶች ናቸውና።

ዳሩ ግን እነዚህ ነጋሪዎች ራሳቸው የሚታመሙበት ጊዜ አለ። ሞተሩ ጤነኛ ሳለ «ታሟል» ይላሉ፤ ታሞ ሳለም ዝም ይላሉ። እንግዲህ የታመመው ሞተሩ ይሁን ወይስ ነጋሪው በምን ይታወቃል? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤተ ሰባችን ላይ የደረሰ ነገር ስለሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን ልንገራችሁ።

የአጎቴ መኪና

አጎቴ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ወደ ጨንቻ የሚያወጡባት፣ ከጨንቻም ፖምና ድንች የሚያወርዱባት አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ ነበረቻቸው። አንድ ቀን ማለዳ ዶርዜ ላይ ጉም ገጠማቸውና የፊት መብራት ቢያበሩ፣ የሙቀቱም የነዳጁም ቀስት በአንድነት ወደ ላይ ተነሡ። ደንግጠው መኪናዋን አቁመው አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩን ከፍተው ቢያዩ ውሃው አልጎደለም። ወደ ከተማ ወርደው ለአንድ ጋራዥ ቢያሳዩ የሙቀቱ ሴንሰር ተለወጠ፤ ችግሩ ግን አልለቀቀም። ቀጥሎም ቴርሞስታቱ ተለወጠ፤ ችግሩ አሁንም አልለቀቀም። ከዚያ ወዲያ አጎቴ «ይህ ቀስት ውሸታም ነው» ብለው ማየቱን ተዉት።

ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ሙዝ ጭነው ዳገቱን ሲወጡ የባትሪዋ ቀይ መብራት በራች፤ የሙቀቱም ቀስት ተነሣ። አጎቴም «አሁን ደግሞ መብራቷ ከውሸታሙ ጋር ዐደመች» ብለው ጕዟቸውን ቀጠሉ። ሞተሩ ጨንቻ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ጠፋ። ለካስ ቺንጋው ተበጥሶ ኖሯል። የውሃውን ፓምፕና ዲናሞውን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ስለ ነበረ፣ ውሃው መዞሩን፣ ባትሪውም መሞላቱን በአንድ ጊዜ አቆሙ። ቴስታታ የሚባለው የሞተሩ ራስ በሙቀት ተጣመመ። መኪናዋ አራት ወር ቆመች። የእኔንና የእኅቴን የትምህርት ወጪ የሚችሉት አጎቴ ስለ ነበሩ፣ እኅቴ ያን መንፈቅ ከትምህርቷ ቀረች።

በመጨረሻ መኪናዋን ያዩልን ሲቀላ ውስጥ የሚሠሩ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። ከዳሽቦርዱ ሥር ገብተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ አንድ የላላና የዛገ ብሎን አሳዩኝና «ልጄ፣ የአጎትህን ሞተር የገደለው ይህ ነው» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ ሞተሩን ያቃጠለው የቺንጋው መበጠስ አይደለም እንዴ?» ብዬ ብጠይቃቸው «ቺንጋውማ ሲበጠስ ተነግሯቸው ነበር። እንዳያምኑት ያደረጋቸው ግን ይህ ብሎን ነው» ሲሉ መለሱልኝ። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው የአዛውንቱ ቃል ነው።

ኮረንቲ መመለሻ ይፈልጋል

ኮረንቲ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወገን ይነሣና በፊውዝ፣ በቁልፍና በሽቦ አልፎ አምፖሉ ዘንድ ይደርሳል። ሥራውን ከሠራ በኋላ ግን ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ወገን መመለስ አለበት። ለመመለሻው ሌላ ሽቦ ከመዘርጋት ይልቅ የመኪናው አካል ራሱ ብረት ስለሆነ፣ በአብዛኛው በእርሱ ይመለሳል። ከብረቱ ጋር የሚያገናኘው ብሎን ከላላ ወይም ከዛገ፣ መሄጃው ደኅና ቢሆንም መመለሻው ይጠባል።

የአጎቴም መኪና ነገር እንዲሁ ነበር። የሙቀቱንና የነዳጁን ቀስት በልክ የሚይዘው ማመጣጠኛም፣ ዳሽቦርዱን የሚያበሩት አምፖሎችም የሚመለሱት በዚያው ብሎን ነበር። አምፖሎቹ ሲበሩ በጠበበው በር ላይ መጨናነቅ ሆነ፤ ማመጣጠኛውም ልኩን ሳተ፤ ሁለቱ ቀስቶች ባንድነት ዋሹ። ሴንሰሩ ቢለወጥ ያልተሻለውም በደለኛው እርሱ ስላልነበረ ነው።

ነጋሪዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

የዘይቱ መብራት፦ በሞተሩ ጎን ትንሽ ማብሪያ አለች። የዘይት ግፊት በሌለ ጊዜ ሽቦውን ከሞተሩ ብረት ጋር ታገናኘዋለች፤ መብራቱም ይበራል። ግፊቱ ሲመጣ ትለያየዋለች፤ መብራቱም ይጠፋል። ስለዚህ ሽቦው ተልጦ ብረት ከነካ መብራቱ ያለ ምክንያት ይበራል። ከተበጠሰ ደግሞ ዘይቱ ቢያልቅም አይበራም።

የባትሪዋ መብራት፦ በቀድሞዎቹ መኪኖች አንዱ ወገኗ ከባትሪው፣ ሌላው ከዲናሞው ጋር የተያያዘ ነው። ዲናሞው ሳያመነጭ ኮረንቲ ከባትሪው ወደ እርሱ ስለሚፈስስ ትበራለች። ማመንጨት ሲጀምር ግን ኃይሉ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚሆን ትጠፋለች። እኩል ከፍታ ያላቸው ሁለት ኩሬዎች በቦይ ቢገናኙ ውሃው ወዲያም ወዲህም እንደማይሄድ ማለት ነው።

የሙቀቱ ቀስት፦ በአብዛኞቹ መኪኖች ሴንሰሩ ሲሞቅ ኮረንቲን የሚያግድበት ኃይል ይቀንሳል፤ ቀስቱም ወደ ሙቅ ይሄዳል። ስለዚህ ሽቦው ብረት ከነካ ቀስቱ እስከ መጨረሻው ይወጣል፤ ከተበጠሰ ግን ሞተሩ ቢፈላም «ቀዝቃዛ ነው» ይላል።

የነዳጁ ቀስት፦ በነዳጁ ቋት ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ አለ። ነዳጁ ሲጎድል ዝቅ፣ ሲሞላ ከፍ እያለ የኮረንቲውን መጠን ይለዋውጣል። የሚንሸራተትበት ቦታ ሲያልቅ ቀስቱ ይዘላል።

ምርመራው በተራ

በጋሞ አባቶች ሥርዓት በዱቡሻ ላይ ነገር ሲታይ የአንድ ወገን ቃል ብቻ ተሰምቶ አይፈረድም። በመኪናም ነገር አንዱን ቀስት ብቻ አይቶ ዕቃ መግዛት አይገባም።

አንደኛ፦ ቁልፉን ከፍቶ ሞተሩን ሳያስነሡ መብራቶቹን መቍጠር ነው። በዚህ ጊዜ የዘይቱና የባትሪው መብራት ሊበሩ ይገባል። ያልበራ ካለ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተቋርጧል።

ሁለተኛ፦ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ቢታመሙ «ለእነዚህ የጋራ የሆነው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የጋራው ነገር ፊውዝ፣ የመመለሻ ብሎን፣ ወይም እንደ አጎቴ መኪና ቺንጋ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ከታመመ ደግሞ የእርሱን ሽቦና ሴንሰር መመርመር ነው።

ሦስተኛ፦ በቴስተር መለካት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ያህል ካሳየ ዲናሞው ይሞላል። ቀጥሎም መብራቶቹን አብርቶ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በዳሽቦርዱ የመመለሻ ሽቦ ጫፍ ላይ ማሳረፍ ነው። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መመለሻው ጠቧል ማለት ነውና ብሎኑን ፈትቶ ዝገቱን ፍቆ ማጥበቅ ነው።

አራተኛ፦ ዕቃ መለወጥ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ማስጠንቀቂያ

ቀይ መብራት «ቁም» ማለት ነው፤ ቢጫ «ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ቀዩ ሲበራ ውሸት መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እውነት ነው ብሎ መቆም ይገባል። በተለይ የዘይቱ ከሆነ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው። ለመቆም የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሞተር ግን ዋጋው ብዙ ነው።

የፈላ ራዲያተር ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም። ውሃ በአርባ ምንጭ ከፍታ በ96፣ በጨንቻ ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንዳይፈላ የሚይዘው በክዳኑ ሥር ያለው ግፊት ስለሆነ፣ ክዳኑ ድንገት ሲከፈት የፈላው ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። ክዳኑ ካረጀም ሞተሩ በዳገት ላይ በእውነት ሊፈላ ይችላልና ቀስቱን ከመክሰሳችን በፊት እርሱንም እንይ።

የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት ብር አይተካም፤ እሳት ያስነሣልና። የአየር ከረጢት ያለበትን ቢጫ ሽቦ በቴስተር መንካት አደገኛ ነው። ሽቦ ቢበጠስ በደንብ አጽድቶና አጥብቆ መቀጠል እንጂ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል አይበጅም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

በአዲሶቹ መኪኖችስ?

በአሜሪካ ከ1996 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የሚሸጡ ቀላል መኪኖች ሁሉ ብልሽታቸውን በኮድ የሚናገር ኮምፒዩተር እንዲኖራቸው በሕግ ታዝዟል፤ ዛሬ በከተማችን ጋራዦችም ኮድ ማንበብ የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን ኮዱ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። «የዚህ ሴንሰር መስመር ልክ አይደለም» ሲል፣ ጥፋቱ የሴንሰሩ ይሁን፣ የሽቦው ይሁን፣ የብሎኑ ይሁን መርምሮ የሚፈርደው ሰው ነው። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቢሆኑ፣ ለመብራቶቻቸውና ለጠቋሚዎቻቸው በአብዛኛው 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። የላላ ብሎን እነርሱንም ያስዋሻል። ትልቁን ባትሪያቸውን ግን ካልተማረ ሰው እጅ ማራቅ ይገባል።

የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ኤሌክትሪክ ስንማር «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» የምንል አንጠፋም። እኔም ከሚሉት አንዱ ነበርሁ። የአጎቴን መኪና ካየሁ በኋላ ግን አንድ ብሎን ለማጥበቅ የሚበቃ ዕውቀት ቢኖረን ኖሮ የእኅቴ መንፈቅ ባልባከነ ነበር እያልሁ አስባለሁ። እኅቴ ዘንድሮ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። አጎቴም ዛሬ ዳገቱን ከመጀመራቸው በፊት ቁልፉን ከፍተው መብራቶቹን አንድ በአንድ ይቈጥራሉ፤ ቀይ ከበራም ይቆማሉ።