ማየት የተሳነው ሰው ደብዳቤያችሁን ማንበብ ይችላል?

ለመሐል ሜዳ፣ ለራቤልና ለዓለም ከተማ የመንግሥት ሠራተኞች፣ በተለይ ለጸሐፊዎች።

ደብዳቤው በወርድ ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ማህተም ይመታበታል፣ ከዚያ ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ይላካል። እዚህ ላይ ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ ፎቶ ሆኗል። እንደ ኤንቪዲኤ ያለ ጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌር (በነፃ የሚገኝ ነው፣ ኢስፒክ በተባለው የድምፅ ሶፍትዌር አማካይነት አማርኛም ያነባል) ከፎቶ ላይ የሚያነበው ነገር የለም። እባካችሁ ዋናውን የወርድ ፋይል አብራችሁ ላኩ።

ከሁሉ የሚከፋው የድሮው ፎንት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ የእኛን ፊደል ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። ዓይን አማርኛ ያያል፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ ሶፍትዌሩ ትርጉም የሌለው ድምፅ ያወጣል። መፈተሹ ቀላል ነው፦ ጽሑፉን በሙሉ ምረጡና ፎንቱን ወደ ኤሪያል ቀይሩ። አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ዝብርቅርቅ ከመጣ ፋይሉ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ርዕስን አጉልቶና አድምቆ መተው አይበቃም። «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ይዛችሁ ኮንትሮል፣ ኦልትና 1ን አንድ ላይ ተጫኑ፤ መስመሩ በሶፍትዌሩ ዘንድ ርዕስ ስለሚሆን አንባቢው በቀጥታ ወደዚያ መዝለል ይችላል። ለካርታና ለግራፍ ደግሞ ምን እንደሚያሳዩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ይህ ውለታ አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ ስለ ተደራሽነት የሚደነግገው የስምምነቱ አንቀጽ 9 መረጃንም ይጨምራል።